ሦስት ሰው ሆነን የአንድ ሰው ከፈልን
ስልኩን አሁን ነው የዘጋሁት። ደሜ ገና አልበረደም።

ማክሰኞ ጠዋት እማማን ለዓይን ሐኪም ዲሲ ይዘናቸው ወጣን። እኔ፣ ባለቤቴና እናቷ። ሦስት ሰው! ከቨርጂኒያ ወደ ዲሲ በሚያስገባው ሀይዌይ 66 ላይ ሦስት ከሆንክ በነፃ ነው የምታልፈው። ቤልትዌዩ፣ ዲሲን የሚዞረው ቀለበት መንገድ ጋ ስንደርስ የክፍያው ሰሌዳ 28 ዶላር ይላል። እማማ ደንግጠው «ይኼ ሁሉ ለመንገድ ነው?» አሉ። «እኛን አይመለከትም እማማ፣ ሦስት ነን» አልኳቸው።

ዛሬ ሂሳቤን ስከፍት 28 ዶላሯ ተቆርጣለች። የመንገዱን ክፍያ የሚቆርጠው ኢዚ ፓስ ጋ ደወልኩ።

«ብቻዎን እንደነበሩ ነው የሚያሳየው» አለችኝ ስልኩን ያነሳችው።

«ሦስት ነበርን።»

«ስዊቹ ኤችኦቪ ላይ ነበር?»

ስዊቹ! መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው የኢዚ ፓስ ፍሌክስ ሳጥን፣ ጥፍር የምታክል ስዊች አለቻት፤ ሰው ስትጭን ኤችኦቪ የሚለው ላይ ታደርጋታለህ። ሰኞ ብቻዬን ስሄድ ከኤችኦቪ መልሻት ነበር። ማክሰኞ እማማን ደግፈን ስናስገባ፣ ቀበቶ ስናስር፣ ማን ያስታውሳታል?

«ሰው እኮ ነው መኪናው ውስጥ የነበረው» አልኳት።

«ሲስተሙ የሚያውቀው ስዊቹን ነው።» ከዚያ ቃል በቃል እየጎተተች፣ ለሕፃን እንደሚነገር «ስዊቹን... ከመግባትዎ... በፊት...»። አነጋገሬን ስትሰማ ነው መጎተት የጀመረችው። 19 ዓመት ኖሬበታለሁ እዚህ አገር! ግብር እከፍላለሁ!

ቆይ፣ ድሮ እንዴት ነበር? ከ2017 በፊት በራሽ አወር፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ ብቻህን ከሆንክ ከቤልትዌይ ወደ ውስጥ 66 ላይ አትገባም። ባለ ሜርሴዲሱም አይገባም። ሰው መጫን ነበረበት። ዲሴምበር 2017 ላይ ገንዘብ ያለው ብቻውን ይግባ ተባለ። በመጀመሪያው ሳምንት 40 ዶላር ገባ፣ አገር ጉድ አለ። ጣሪያ የለውማ! መኪና ሲበዛ ዋጋው በየጥቂት ደቂቃው ይወጣል። ፍጥነቱ ከ45 ማይል እንዳይወርድ ነው ይላሉ። እሺ፣ በምን አይወርድም? እኔን በማባረር ነዋ! ኪሱ የሳሳው ወደ መንገድ 50 እና መንገድ 29 ይወርዳል፣ መብራት ለመብራት ይንፏቀቃል፣ ሌላው ይፈተለካል።

495 ላይ፣ ራሱ ቤልትዌዩ ላይ እንኳ ከክፍያው መስመር ጎን ነፃ መስመር አለ። 66 ግን ከቤልትዌይ ወደ ከተማ በሥራ ቀን ጠዋት ከ5:30 እስከ 9:30 (በአሜሪካ ሰዓት) መንገዱ ሙሉ በሙሉ በክፍያ ነው። ፈረቃ ያለበት ሰው ሰዓቱን እሱ ነው እንዴ የሚመርጠው?

እኔና ባለቤቴ አምስት ዓመት ሁለት ሆነን በነፃ አለፍን። ዲሴምበር 2022 ላይ ሁለት አይበቃም፣ ሦስት ሁኑ አሉን። ሦስተኛ ሰው በየቀኑ ከየት ይመጣል? ጎረቤት ለመንኩ፣ አንዱ ሥራ የሚገባው ጠዋት 6:00 ነው፣ አንዱ 9:00። ተውኩት።

ገንዘቡ አይደለም እኮ ያንገበገበኝ። ስልኩ ላይ ስጮህ እማማ ሶፋው ላይ ናቸው። እንግሊዝኛ አይሰሙም፣ ግን ነገሩ ገብቷቸዋል። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። የተጠቀለለ ሃያ ዶላር። «እንካ ልጄ፣ በኔ ምክንያት ነው።» እጄን ይዘው መዳፌ ውስጥ ሊከቱት ይታገላሉ። ምን ይባላል?

የሚቀጥለው ቀጠሮ ሐሙስ ጠዋት ነው። እማማ ባስ ካልሆነ አልሄድም ብለዋል።