ያልተለቀመው ካኪ

የሰሜን ጃፓኗ የአኪታ ሰዎች፣ ጎረቤቶቼ! ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። እኔም ከቁጣው አልወጣም።

መከር ደርሶ ድብ በየጓሮው ሲታይ እንዴት እንደምንሆን እስቲ አስቡት። ማዘጋጃ ቤቱን እንወቅሳለን። አዳኞቹ አረጁ እንላለን። እርግጥ አርጅተዋል፤ እኛስ መቼ ወጣት ሆንን? በኖቬምበር 2025 ወታደሮች እዚሁ አኪታ ውስጥ ካዙኖ ከተማ ድረስ መጥተው የወጥመድ ሣጥን ሲሸከሙልን እሰይ አልን። በዚያ ዓመት በመላው ጃፓን ድብ የገደላቸው ሰዎች ከ10 ይበልጣሉ። በ2023 የበጀት ዓመት 6 ሰው ሲሞት ጉድ ብለን ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ድቡ ለምን እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። ተራራው ላይ ቡና የሚባል ዛፍ አለ፤ የሚጠጣው ቡና አይደለም። በአንዳንድ ዓመት ፍሬ ይነፍጋል። ድብ ደግሞ ለበረዶው ወራት እንቅልፍ መስባት አለበት። አፍንጫው ሩቅ ያሸታል። ታዲያ የት ይሂድ? እኛ ጋ ካኪው፣ ያ ብርቱካንማ ጣፋጭ ፍሬ፣ በስሎ ቅርንጫፉን አጉብጦታል። ልጆቹ ከተማ ገብተዋል፣ የሚለቅመው የለም።

ጫፍ ላይ አንዲት ካኪ ለወፍ መተው የአያቶቻችን ወግ ነው አትበሉኝ። እነሱ የተዉት አንዲት ነው። እኛ ዛፉን ሙሉ ትተን ወግ እንለዋለን!

ድብ የሚወደው የሩዝ ፉርሽካስ? ጎተራ ውስጥ በከረጢት አስቀምጠን በሩን ገርበብ አድርገን እንተኛለን። ከዚያ ድብ ጎተራ ሰበረ እንላለን። የቱን ሰበረ? ክፍት ነበር እኮ።

ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ማዘጋጃ ቤት መንደር መሃል ድብ ላይ እንዲተኮስ መፍቀድ ይችላል። ጥይት ግን ካኪ አይለቅምም።

ደግሞ እናንተ መኪና አቁማችሁ ድብ የምትቀርጹ! ግልገል ካያችሁ እናቱ ቅርብ ናት። ከመኪና እንዳትወርዱ። በእግር ሳላችሁ ከሩቅ ካያችሁት አትሩጡ፤ ሩጫ እሱ ይበልጣችኋል። ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ከደረሰባችሁ በሆዳችሁ ተኝታችሁ ማጅራታችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ፤ ብዙውን ጊዜ የሚመታው ፊትና ራስ ነው። ንጋትና ምሽት ላይ ብቻችሁን ለእንጉዳይ ጫካ አትግቡ።

የእኔ ካኪ ሦስት ዓመት አልተለቀመም ነበር። ወገቤን አሞኛል እያልኩ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ግንዱ ላይ የጥፍር ጭረት አየሁ፤ ከመኝታ ቤቴ መስኮት አሥር እርምጃ አይሞላም። ወገቤ ያን ቀን ዳነ።

ቅዳሜ ከእኔ ቤት ጀርባ ያለውን ባዶ ግቢ እንለቅማለን። ባለቤቱ ቶኪዮ ነው፣ ደውዬ አስፈቅጃለሁ። መሰላል ከእኔ። መጋዝ ያለው ይዞ ይምጣ። ረፋድ ላይ እንገናኝ፣ ድብ የሚያርቀውን ቃጭላችሁንም እንዳትረሱ።