ለሳቅ የተተከለ ድንኳን

አምና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ራት ጋበዘኝ። አሜሪካ «ጋበዝኩህ» ሲሉህ አንዳንዴ ቲኬቱን ራስህ ትቆርጣለህ። ቆረጥኩ። አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቀይ ቆብ ደፍተዋል።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩት።

«ፌዝ።»

ያፌዘብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የቆቡ ስም ነው፤ ወሎ ታርቡሽ የምንለው።

የድሮዎቹ የሆሊውድ ኮሜዲያን የሎሬልና ሃርዲ አድናቂዎች ማኅበር ነው፤ የቀጭኑና የወፍራሙ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1965 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ልክ ሎሬል በሞተበት ዓመት ነው። ሃርዲ ቀድሞት በ1957 ሞቷል። የማኅበሩ ስም «የበረሃ ልጆች» እንደ ማለት ሲሆን፣ በ1933 ከሠሩት ፊልም የተወሰደ ነው። ቅርንጫፎቹ ደግሞ «ድንኳን» ይባላሉ። ድንኳን ሲሉኝ የታየኝ የሰፈራችን እድር ሸራ ነው። ደግሞም እድር ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? መዋጮ አለው፣ ሟቾቹን ያስባል፣ ብርጭቆ እያነሱ በየስማቸው ይጠሯቸዋል። የሚሰበሰቡት ግን ለመሳቅ ነው። እኛ ለለቅሶና ለሰርግ እንጂ ለሳቅ ድንኳን ተክለን አናውቅም። (ዶሮው ጨው አልነበረውም፤ ይሄን ሳልናገር አላልፍም።)

ከራት በኋላ መብራት ጠፋ። ደሴ ያለሁ መሰለኝ። ለካ ፊልም ሊያሳዩን ነው፤ በ1932 የተሠራው፣ ኦስካር ያገኘው አጭር ፊልም። ሁለቱ ሰዎች ፒያኖ ተሸክመው 133 ደረጃ ይወጣሉ። ፒያኖው እያመለጣቸው ቁልቁል ይንከባለላል።

ጥር ላይ ደሴ ስገባ ፊልሙን በስልኬ ለአክስቴ ከፈትኩላት። ቤቷ ዳገት ላይ ነው፤ ጦሳ ፊት ለፊት ይታያል። ቡና ተፈልቶ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ቲኬት የቆረጠ የለም። አክስቴ ትንሽ አየችና ተበሳጨች።

«ሆዴ፣ እኒህ ሰዎች በዞረው መንገድ አይሄዱም?»

እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ፊልሙ ላይ ፖስተኛው የሚነግራቸው ግን ይህንኑ ነው። እነሱም ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ላይ ያደረሱትን ፒያኖ መልሰው ታች አወረዱትና በመንገዱ አወጡት! አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስቃ ስቃ አለቀች። ከዚያ ተነሳች። ቡፌዋን በዚህ ዳገት ያወጡትን ሁለት ወዛደሮች አስመስላ መጫወት ጀመረች። «ያዝከው?» «ይዣለሁ!» «ኧረ አልያዝከውም!» እውነቴን ነው፣ ከፊልሙ በላይ ሳቅኩ።

ትዝ ብሎኝ፣ የደረጀና የሀብቴን ቀልድ ከቴሌቪዥን የቀዳንበት ካሴት የት እንደደረሰ ጠየቅኩ።

«ሰርግ ተቀረጸበት» አለ የአክስቴ ልጅ።

ቀልዱን በቃል ሊነግሩኝ ሞከሩ። የአክስቴ ልጅና ወንድሙ አንዱን ቦታ ተከራክረው ተከራክረው ሳይስማሙ ቀሩ። ከ90 ዓመት በላይ የሆነው ፊልም ስልኬ ውስጥ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የልጅነቴ ሳቅ ግን ሰርግ ሥር ተቀብሯል።

በረካ ላይ አንዲት ጎረቤት ገባች። «ምን አግኝታችሁ ነው እንዲህ የምትስቁ?» አክስቴ እንደገና ተነሳች። ቡፌው በዚህኛው ዙር አመለጠና እስከ ፒያሳ ተንከባለለ። ልቀርጻት ስልኬን ሳወጣ አየችኝ።

«አስቀምጠው እቴ፣ ቡናህ ቀዘቀዘ።»