ትኩሳታችሁን በክኒን ሸፍናችሁ ኬላ አትለፉ

ወገኖቻችን፣ ከአውሮፕላን ወይም ከመርከብ ከመውረዳችሁ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ፓራሲታሞል የምትውጡ አላችሁ። «ኬላው ላይ ያለው የትኩሳት መለኪያ ይይዘኛል፣ ቤተሰብ በር ላይ እየጠበቀኝ ነው» ብላችሁ። ክኒኑ ትኩሳቱን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ያወርደዋል፤ በሽታውን ግን አይነካውም። እናንተ ኬላውን አልፋችሁ፣ ሊቀበሏችሁ የመጡትን አቅፋችሁ ስማችሁ፣ ማታ እቤት ስትደርሱ ትኩሳቱ ይመለሳል። ያኔ በሽታው ሳሎን ገብቷል።

መለኪያውን ማታለል ቀላል ነው፤ ይህን እኛም አንክደውም። ግንባር ላይ የሚነጣጠረው መሣሪያ የሚያነበው የቆዳን ሙቀት ብቻ ነው። ላብ፣ እርጥብ መሐረብ፣ ከብርድ መግባት፣ ሁሉም ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል። ከዚህም በላይ ኢቦላና ማርበርግ የተባሉት ገዳይ በሽታዎች ሰውነት ውስጥ ከ2 እስከ 21 ቀን ምልክት ሳያሳዩ ይቆያሉ፤ ቢጫ ወባ ከ3 እስከ 6 ቀን። በእነዚያ ቀናት የትኛውም የሙቀት መለኪያ ምንም አያገኝም። ለዚህ ነው የኬላው ጤና ባለሙያ «ባለፉት 21 ቀናት የት ነበራችሁ? የታመመ ሰው አስታማችኋል? ለቅሶ ሄዳችሁ አስከሬን ነክታችኋል?» የሚላችሁ። ለቅሶ መድረስ ጥፋት አይደለም። ደርሳችሁ «አልደረስኩም» ማለት ግን ጥፋት ነው።

የመርከብ ሕግ ይህንን ከጥንት ያውቀዋል። ከውጭ የመጣ መርከብ ቢጫ ባንዲራ ሲሰቅል «መርከቤ ጤነኛ ነው፣ የመግቢያ ፈቃድ ስጡኝ» ማለቱ ነው። ካፒቴኑም ስንት ሰው እንደታመመ፣ ከአደጋ ውጭ የሞተ እንዳለ፣ በ30 ቀን ውስጥ የትኞቹን ወደቦች እንደረገጠ በወረቀት ሞልቶ ይፈርማል። ካፒቴኑ ግን የሚጽፈው መንገደኛው የነገረውን ነው። ጓዳው ውስጥ ተኝቶ ትኩሳቱን የደበቀ ሰው ወረቀቱን ሐሰት ያደርገዋል። መርከብ ውስጥ በሽታ እንዴት እንደሚሮጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም ዳይመንድ ፕሪንሰስ በተባለው የመንገደኞች መርከብ አይቷል። አንድ መንገደኛ ሆንግ ኮንግ ላይ ወረደ፤ ኮቪድ እንደያዘው የታወቀው ከሳምንት በኋላ ነበር። መርከቡ ጃፓን፣ ዮኮሃማ ላይ ሲቆም ከነበሩት 3,711 ሰዎች በመጨረሻ 712ቱ ተይዘው ተገኙ።

ከሁሉ የሚያንገበግበን የቢጫ ካርዱ፣ ማለትም የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃው ነገር ነው። ሳትከተቡ ማኅተም ብቻ የምትገዙ፣ ስሙን! የቢጫ ወባ ክትባት የሚሠራው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ጉዞ ሲደርስ ዋዜማው ላይ አትሩጡ። አንዴ ከተከተባችሁ ካርዱ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2016 ጀምሮ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ታዲያ ለአንድ ቀን መርፌ ብሎ ሐሰት መግዛት ምን ይባላል? ስማችሁ እንደ ፓስፖርቱ መጻፉን፣ የክትባቱ መለያ ቁጥር፣ የባለሙያው ፊርማና የጣቢያው ማኅተም መኖሩን፣ ወሩ በፊደል መጻፉን እዚያው ቆማችሁ ተመልከቱ። ስርዝ ድልዝ ካለው ላይቀበሉት ይችላሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ከ9 ወር በታች ሕፃን የያዘች፣ እንቁላል በጣም የማይስማማው ሰው፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ፣ ሐኪም ያማክር፤ መከተብ ካልቻለ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ የተጻፈ የሐኪም ማስረጃ ይያዝ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ደቡብ ምዕራብ አገራችን ላይ ይኸው በሽታ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ቫይረሱን የሚያዛምተው ትንኝ ማኅተም አያነብም።

«ከያዙኝ ያስሩኛል» የሚለው ፍርሃት ነው ብዙውን የሚያዋሽ። ትኩሳት የተገኘበት ሰው ጭንብል ተሰጥቶት ከሰልፉ ይለያል፣ ጥቂት አርፎ እንደገና ይለካል፣ ይጠየቃል። ብዙውን ጊዜ ወባ ወይም ጉንፋን ሆኖ ይገኛል፤ ወባውም ቶሎ ሕክምና ያገኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለዚህ ነው። መድኃኒት ከዋጣችሁ ደግሞ የዋጣችሁበትን ሰዓት ተናገሩ፤ ባለሙያው ቁጥሩን የሚያነበው ያንን አስቦ ነው።

ስልካችሁንና የምታርፉበትን ቤት በትክክል ጻፉ። አብሯችሁ የተቀመጠ ሰው ቢታመም የሚፈልጓችሁ በዚያ ነው። ከበሽታ አገር የመጣችሁ ጠዋትና ማታ ሙቀታችሁን እየለካችሁ 21 ቀን ቁጠሩ። 38 ከደረሰ ታክሲ ተሳፍራችሁ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ አትቀመጡ። ከክፍላችሁ ሳትወጡ ወደ ኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ መስመር፣ 8335 ደውሉ፣ ከየት እንደመጣችሁ መጀመሪያ ንገሯቸው።