ለክቡር «ኮንትራት» የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቀን፦ ካፊያ በጣለበት ማታ ማግስት
ለ፦ ክቡር «ኮንትራት»፣ ባሉበት የመንገድ ማእዘን፣ ሐዋሳ
ጉዳዩ፦ የተከራያችንን ጉልበት ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ስለ ጤንነትዎ አልጠይቅም። ትናንት ማታ መናኸሪያው በር ላይ በሻንጣዎች መካከል ሲንጎራደዱ አይቼዎታለሁና ደህና መሆንዎን አውቃለሁ። የምጽፍልዎ ስለ ተከራያችን ነው።

ተከራያችን ከጁባ የመጣ የማስተርስ ተማሪ ነው። ግብርና ያጠናል፤ ሐዋሳን የመረጣትም እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተውን የግብርና ኮሌጅ ስም ሰምቶ ነው። የቤታችን ጉበን ስለማይበቃው ጎንበስ ብሎ ይገባል። እናቴ ስሙ አልያዝላት ስላለ «ጎረምሳው» ትለዋለች። ሊመጣ ሲል ብዙ ነገር አሳስቦን ነበር። እንጀራ ይበላ ይሆን ወይ? ለካ በአገሩ ኪስራ የሚባል፣ ከማሽላ ሊጥ የሚጋገር ስስ እንጀራ አለ፤ የእናቴን እንጀራ አገላብጦ አየና «ይህ ደግሞ ብርድ ልብስ የለበሰው ነው» ብሎ መብላቱን ቀጠለ። ዓሣስ? ነጭ ዓባይ ዳር ያደገ ሰው ነው፤ አሞራ ገደል ወስደን ቆሮሶ ልናስተዋውቀው ስንል እሾህ አወጣጥ አስተማረን። ሰዓታችን ትንሽ ፈትኖታል። «ትምህርት የሚጀመረው ሁለት ሰዓት ነው» ተብሎ ከምሳ በኋላ ሄዶ ከባዶ ወንበሮች ጋር ተቀምጦ ተመልሷል። እሱንም በሳምንቱ ለመደው።

ያልለመደው እርስዎን ነው።

የመጀመሪያውን ቀን መቼም አይረሱትም። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ሲመጣ ማንም አላስቸገረውም፤ ዋጋው ትኬቱ ላይ ተጽፏል፣ ከፈለ፣ ተቀመጠ፣ ደረሰ። ከመናኸሪያው እኛ ሰፈር፣ አቶቴ፣ የቀረው መንገድ የእግር ጉዞ ቢሆንም አያደክምም ነበር። እጁን ከኪሱ ሳያወጣ አንድ ባጃጅ ፊቱ ቆመ። ሹፌሩ ቁመቱንም ሻንጣውንም ከላይ እስከ ታች አየና፣ ከኋላ የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች አውርዶ ስምዎን ጠራ። «ኮንትራት!» ልጁ ስልኩ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት ከፈተ። «ውል» ይላል። የሚፈረም ወረቀት አለ ብሎ እስክሪብቶ አወጣ።

እስክሪብቶውን እንደ ያዘ 200 ብር ከፈለ። እኛ ለዚያው መንገድ የምንከፍለውን እዚህ አልጽፍም፤ ደብዳቤው ድንገት እጁ ቢገባ እንቅልፍ ይነሣዋል።

ስለ ትውልድዎ ለማጣራት ሞክሬ ነበር። መኪና፣ ጎማና ፍሬን ከጣልያንኛ እንደ መጡ የታወቀ ነው። ባጃጅም የሕንድ ኩባንያ ስም ሆኖ ሳለ እዚህ የተሽከርካሪው ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። እነዚህ ሁሉ የመጡበትን ሥራ ይሠራሉ፤ ጎማው ይሽከረከራል፣ ፍሬኑ (አብዛኛውን ጊዜ) ይይዛል። እርስዎ ግን ውል ነኝ ብለው ገብተው ውል አያውቁም። ውል ሁለት ሰዎች ተነጋግረው የሚስማሙበት ነገር አልነበረም እንዴ? እርስዎ ዘንድ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሳፈራል።

«እንግዳው አገሩን ስላላወቀ ነው» እንዳይሉኝ። ጁባም ባለ ሦስት ጎማ አለ፤ «ራክሻ» ይሉታል። ልጁ ከሰው ጋር ተጋፍቶ መሄድ ያውቅበታል፤ እንዲያውም የናፈቀው እሱን ነው። አንድ ማታ ደጅ ተቀምጠን ምን አለኝ መሰለዎት? «ሦስት ወር ሆነኝ። በዚህ ከተማ ገና የማንም ጉልበት ጉልበቴን አልነካውም።» ሦስት ወር ሙሉ የኋላውን ወንበር ብቻውን ይዞ፣ እንደ ሚኒስትር ግራ ቀኙን እያየ፣ ከገበያ ቤት፣ ከቤት ትምህርት ቤት ሲመላለስ ከሹፌሮች ማጅራት በቀር ያወቀው ሰው የለም።

የሚመጡበትን ምልክት አጥንቼዋለሁ። ሻንጣ ሲያዩ ይመጣሉ። ጠብታ ዝናብ ሲወድቅ ይመጣሉ። ክራንች፣ የሠርግ ልብስ፣ አዲስ የተገዛ ምጣድ፣ ለአራስ የተያዘ የገንፎ ሳህን ሲያዩ ከየት እንደ ወጡ ሳይታወቅ ከች ይላሉ። ሹፌሮቹን አልወቅስም። ነዳጅ ሰልፍ ላይ ያደረ ሰው የአንድ እንግዳ ሻንጣ ቢያስጎመጀው አልፈርድበትም። ጠቤ ከእርስዎ ጋር ነው።

ነገሩ እናቴንም ከነከናት። አንድ እሑድ ቡናው እስኪፈላ ግቢው ውስጥ አራት በርጩማ ደረደረች፤ አንዱን ከፊት፣ ሦስቱን ከኋላ። ከፊት እሷ ተቀመጠች፣ ሰፌድ እንደ መሪ ይዛ። ከኋላ እኔና ጎረቤታችን ተሳፈርን። ጎረምሳው በሩ አጠገብ ቆሞ እጁን እንዲያነሣ ታዘዘ።

«በመጀመሪያ፣ አትሳቅ» አለችው። «ባጃጅ አስቁሞ የሚስቅ እንግዳ ብቻ ነው። ሰላምታም አታቅርብ። የምትሄድበትን ብቻ ጥራ፤ ቆጣ ብለህ።»

«አቶቴ?»

«ኮንትራት» አለች እናቴ ሰፌዷን እያዞረች።

«በሰው ነው፣ እማማ።»

«እማማ አትበለኝ፣ ሹፌር ነኝ! ፊትህን አዙረህ ሂድ። ራሴ እጠራሃለሁ።»

ፊቱን አዞረ። እውነትም ጠራችው። ሦስተኛው በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። መውረጃውንም ተለማመደ፤ «ወራጅ አለ!» እያለ ሲጮኽ የጎረቤት ውሻ መለሰለት። በዚህ መሐል ቡናው ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው። እናቴ ይህንንም በእርስዎ ሒሳብ ላይ አስፍራዋለች።

አሁን ወደ ትናንት ማታ ልመለስ። አዲስ አበባ ሰንብቼ መመለሴ ነበር። ያካፋል። በአንድ እጄ ሻንጣ፣ በሌላው ለእናቴ የገዛሁት ጃንጥላ። እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ፣ የታቦርን ተራራ በባዶ እግሬ ስወጣ የኖርሁ ሰው ነኝ። አንድ ባጃጅ ቆመ። ሹፌሩ ሻንጣዬን አየና እርስዎን ጠራ።

«አይ ወንድሜ፣ በሰው ይሁንልኝ» አልሁ፤ በትሕትና፣ ፈገግ ብዬ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ኋላ ነው።

ከጀርባዬ አንድ ድምፅ ቆጣ ብሎ «አቶቴ?» አለ። ሹፌሩ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። «ግባ።» ከቤተ መጻሕፍት የሚመለሰው ጎረምሳው ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ጉልበቱ ከአንዲት ሴትዮ ጉልበት ጋር ተጋጨ፤ ይቅርታ ተባባሉ፤ ወዲያው ወሬ ጀመሩ። ባጃጁ ሲነሣ በሸራው ቀዳዳ አየኝ። አልሳቀም።

200 ብሩን ከፍያለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ባለ ሻንጣው

ግልባጭ፦
ለእናቴ፤ እስከ እሑድ በርጩማዎቹ እንዳይነሡ