በእንግሊዝኛ ደፋር፣ በአማርኛ ዓይን አፋር

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ይሁን በለንደን፣ የወላጅና የመምህር ቀጠሮ ላይ የሚደጋገም አንድ አለመግባባት አለ። ሐበሻው ወላጅ ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል «ልጄ ያስቸግራል?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሯ «በፍጹም፤ ግን እጁን አያወጣም» ትላለች። ወላጅ አመስግኖ፣ ልቡ ሞልቶ ይወጣል። የሰማው ስሞታ እንደነበር የሚገባው ከስንት አንዱ ነው። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲናገር አንገቱን ደፍቶ የሚሰማ ልጅ ጨዋ ይባላል። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የመምህሯን ዓይን የማያይ ልጅ ወይ አልገባውም፣ ወይ የደበቀው ነገር አለ።

ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ግልባጩ ግን ብዙ አይወራም። ያው ልጅ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ በእንግሊዝኛ ሲከራከር፣ ሲቀልድ፣ ክፍሉ ፊት ቆሞ ስለ ዳይኖሰር ሲያስረዳ ይውላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት «የማን ልጅ ነህ፣ የኔ ጌታ?» ሲሉት የእናቱ ቀሚስ ውስጥ ይገባል። ወላጁም «አማርኛ አይችልም» ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ ግን የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። ችግሩ አማርኛ ቤት ውስጥ የትእዛዝ ቋንቋ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ «ና፣ ብላ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ስልኩን አስቀምጥ።» በዚህ ቋንቋ ሐሳቡን የጠየቀው፣ በቀልዱ የሳቀለት፣ ሲከራከር የታገሠው የለም። ድፍረት በየቋንቋው ለየብቻ ይለመዳል። በእንግሊዝኛ የለመደበትን መንገድ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ከመንገዶቹ አንዱ ድራማ ነው፤ እኛ ድራማ ከምንለው ግን ይለያል። በአሜሪካም በእንግሊዝም ይህን በሚጠቀሙ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች ልጆች ጠረጴዛውን ገፍተው ክብ ይሠራሉ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሚና ይጫወታሉ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ይበተናሉ። ተመልካች የለም፣ የሚጠና ጽሑፍ የለም፣ ጭብጨባ የለም። (እንግሊዝ አገር በገና ሰሞን የሚታየው የልደት ትዕይንት የወላጆች ካሜራ ቀን ስለሆነ ከዚህ አይቆጠርም።) ከጨዋታዎቹ አንዳንዶቹ ከቺካጎ የመጡ ናቸው። አሜሪካዊቷ የቴአትር መምህርት ቫዮላ ስፖሊን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በቺካጎ ሃል ሃውስ፣ ስደተኞች በሚገለገሉበት ማዕከል፣ ከኔቫ ቦይድ ዘንድ ልጆችን በጨዋታ ማስተማርን ተማረች። በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በመንግሥት የሥራ ፕሮጀክት ውስጥ፣ ቋንቋቸውና ባህላቸው ለተለያየ የከተማዋ ነዋሪዎች የቴአትር ጨዋታዎችን ፈለሰፈች። ጽሑፍ ከማስጠናት ይልቅ ጨዋታ የመረጠችው ሁሉም ወዲያው ሊገባበት ስለሚችል ነበር። የስደተኛ ልጅ አፉን እንዲፈታ የተበጀ ዘዴ ነው ማለት ይቻላል፤ እኛ ግን ገና አልተጠቀምንበትም።

አገር ቤት ያለው ሌላ ነው። ለወላጆች ቀን፣ ለሰንደቅ ዓላማ ቀን ወይም ለፀረ ሙስና ክበብ መምህሩ ድራማ ይጽፋል፤ ደፋር ደፋሮቹ አምስት ስድስት ልጆች ይመረጣሉ፤ ሰካራሙን አባት የሚጫወተው ያስቃል፤ መጨረሻ ላይ አንዱ ወደ ፊት ወጥቶ ምክሩን ይለግሳል። ለተጫወቱት መልካም ነው፤ ድሮም ግን የሚፈሩ አልነበሩም። ድራማው በእርግጥ የሚያስፈልገው ልጅ ወንበር እየተሸከመ ስምንተኛ ክፍልን ይጨርሳል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት አንደኛ ደረጃ ገብቷል። «ድራማ ማለት...» ተብሎ ትርጉሙ ደብተር ላይ ከተገለበጠ ግን ምንም አልተለወጠም።

የሚያስቆጨው መሣሪያው ከቤታችን መኖሩ ነው። በሆያ ሆዬ አውራጁ በር ላይ ቆሞ የባለቤቱን ሁኔታ እያየ ግጥም ይፈጥራል፤ ፈሪው ልጅ «ሆ» በሚሉት መሐል ተደብቆ ድምፁን ያሟሙቃል፤ በዓመቱ ደግሞ እሱ ያወርዳል። ከዚህ የተሻለ የድፍረት መሰላል ስፖሊንም አልሠራችም። በእንቆቅልህ ያልመለሰ ልጅ አገር ይሰጣል፤ አሸናፊው በተሰጠው አገር እየተንጎማለለ ተሸናፊውን በቀልድ ይሸነቁጣል። ልጁ ማሸነፍን ብቻ ሳይሆን ሰው ፊት ተሸንፎ መሳቅን ይማራል፤ መድረክ የሚያስፈራው መሸነፍ ስለሚያስፈራ ነውና። አባባ ተስፋዬም ለልጆች በቴሌቪዥን ተረት ከመንገራቸው በፊት የመድረክ ተዋናይ እንደነበሩ እናስታውስ።

ውጭ አገር ባለ የሰንበት አማርኛ ክፍል ይህን ለመጀመር ከ12 እስከ 16 ልጆች፣ 50 ደቂቃ፣ ወንበር የተነሣለት ክፍል፣ አንድ ነጠላና እንደ ኳስ የተጠቀለለ ካልሲ ይበቃል። ዕድሜ ከሦስት ዓመት በላይ አይራራቅ፤ የ6 ዓመት ልጅ ከ12 ዓመቱ ጋር ከተሰለፈ ትልቁ ያፍራል፣ ትንሹ ዝም ይላል።

የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ የካልሲው ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ የሚወረውር ልጅ መጀመሪያ የተቀባዩን ስም ይጠራል፣ ከዚያ ይወረውራል። ስሙን ያልሰማ ልጅ አይቀበልም። «ድምፅህን ከፍ አድርግ» የሚለውን ሺህ ጊዜ የተባለ ትእዛዝ ካልሲው ይተካዋል። ቀጥሎ «ተረት ተረት» እና «የላም በረት» በሁለት ረድፍ፦ መጀመሪያ በአንድ ሜትር ርቀት፣ ከዚያ በአምስት፣ ከዚያ ከግድግዳ ግድግዳ። ልጅ ርቀት ሲጨምር ጉሮሮውን አንቆ ይጮኻል። እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ አየር ከሳበ በኋላ እንዲናገር ይነገረው፤ በሦስተኛው ሳምንት ልዩነቱ ይሰማል።

ከዚያ ቃል የሌለበት ሥራ ይምጣ። አራት አራት ሆነው ከአንድ ተረት ሦስት የቆመ ምስል ይሠራሉ፤ መጀመሪያውን፣ መሐሉንና መጨረሻውን። መሪው ከአሥር ወደ ታች ሲቆጥር ይደርቃሉ። ትከሻው የተነካ ልጅ በዚያች ቅጽበት የሚያስበውን በአንድ ቃል ይናገራል። «ፈራሁ» ካለ በቂ ነው። አማርኛው ደካማ የሆነ ልጅም እኩል የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ዋናው የነጠላው ጨዋታ ነው። አስተማሪዋ ነጠላ ስትከናነብ ከቦሌ ተነሥተው አሁን የደረሱ፣ ሻንጣቸው የጠፋባቸው አሮጊት ትሆናለች፤ ነጠላው ሲወርድ ወደ ራሷ ትመለሳለች። ልጆቹ የአየር መንገድ ሠራተኞች ናቸው። አሮጊቷ እንግሊዝኛ አይሰሙም። በእንግሊዝኛ ሲመልሱላቸው «ምን አልከኝ ልጄ? ጆሮዬ ነው መሰለኝ» ይላሉ፤ ልጁ የግዱን ቃል ይፈልጋል፣ ያጣውን ጓደኛው ያቀብለዋል። አስተማሪዋ ቃል ለማቀበል አትቸኩል፤ በልቧ እስከ አምስት ትቁጠር። አንዷ ልጅ «ቁጭ በይ» ብትል ሰዋስው አይታረምም፤ አሮጊቷ ቅንድባቸውን ሰቀል አድርገው «ውይ! እኩያሽ ሆንኩ?» ይላሉ፤ ልጅቷ ራሷ «ይቀመጡ» ወደሚለው ትመጣለች። አንቱታን ከሰሌዳ የተማረ ልጅ ይረሳዋል፤ አሮጊቷ የታዘቡት አይረሳም። ጨዋታው ከሰባት ደቂቃ ካለፈ ግን ይላላል፤ ሻንጣው ይገኝና ያብቃ።

ከአምስተኛው ሳምንት ወዲያ የጅቡ ችሎት ይከተላል። ተረቱ የታወቀ ነው፦ ከወንዙ በላይ የሚጠጣው ጅብ፣ ከበታቹ ያለችውን አህያ «ውኃዬን አደፈረስሽ» ይላታል፤ እሷም «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ትለዋለች። አንድ ልጅ ጅብ ሆኖ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ ይጠይቁታል፦ «ውኃ ወደ ላይ ይፈሳል ወይ?» «ከትናንት ወዲያ ምን በላህ?» መልሱን ማንም አልጻፈለትም። የድሮ ሰው «በላ ልበልሃ» ብሎ በዱላና በጋቢ የሚሟገተውን የሚያስታውስ ካለ፣ ያንን አቋቋም ያሳያቸው። የጅቡ ወንበር ጨዋታ የሚበላሸው ጠያቂ ሲበዛ ነው፤ ከስድስት ጥያቄ በኋላ ጅቡ ይቀየር። በነገራችን ላይ የአገራችን ዘመናዊ ቴአትርም የጀመረው እንስሳትን በማናገር ነው፤ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ድርሰት የእንስሳት ነበር፣ ሹማምንቱም ራሳቸውን አዩበትና ተከለከለ። ጅብ ሆኖ መናገር ምን ያህል እንደሚያደፋፍር ከዚያ ይታወቃል።

ዝም የሚለው ልጅስ? አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ ለወራት እየሰማ ብቻ ሊቆይ ይችላል፤ ጤነኛ ነገር ነው። መጀመሪያ በጨዋታው ውስጥ በር ሆኖ ይቁም፣ ወይም በጣቱ የዝናብ ድምፅ ያሰማ፣ ቀጥሎ ከተቀባዮቹ ጋር «ሆ» ይበል፣ ቀጥሎ ከአንድ ጓደኛው ጋር እኩል አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። የሚንተባተቡ ልጆችም ብዙዎቹ ከሌላ ጋር አብረው ሲናገሩ ይቀላቸዋል። እሱ ፊት «ዓይን አፋር ነው» ማለት ግን ሚና መስጠት ነው፤ በደንብ ይጫወተዋል። ቤት እንደ ልቡ እያወራ ትምህርት ቤት ወራት ሙሉ አንድ ቃል የማይተነፍስ ከሆነ ባለሙያ ይየው።

ከስህተቶች ሁሉ የሚከፋው የእኛው የሳሎን ልማድ ነው። «እስቲ ለእንግዶቹ ግጥምሽን በይላቸው! ምን ያሳፍርሻል? የአክስትሽ ልጅ እንዴት ነው የምትለው!» ሁለተኛው ደግሞ ሳቅ ነው፤ ልጁ «ጠጣ» ለማለት «ተታ» ሲል ትልልቆቹ ፍቅር አስመስለው ይስቃሉ፤ እሱ የሚሰማው ሳቁን ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ወላጅ ከክፍሉ ውጭ፣ ስልክም ከወላጅ ጋር ውጭ ቢሆን ይሻላል።

አገር ቤት 60 ተማሪ በአንድ ክፍል፣ ሦስት ሦስት ሆኖ ዴስክ ላይ የተቀመጠበት ቦታስ? ክብ መሥራት አይታሰብም። ዴስኩ ራሱ ግን ጥሩ ነው። መሐል ያለው ልጅ ውሳኔ የተቸገረ ሰው ይሁን፦ ወድቆ ያገኘውን ብር ለባለቤቱ ይመልስ ወይስ ይያዝ? የቀኙ «መልስ»፣ የግራው «ያዝ» እያሉ በሹክሹክታ ለአንድ ደቂቃ ይሞግቱት፤ ከዚያ ወስኖ ምክንያቱን ይናገር፣ ቦታም ይቀያየሩ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስድሳውም ተናግሯል፤ የጎረቤት ክፍል መምህርም አይቆጣም፣ ሹክሹክታ ነውና። መምህሩ ጭብጨባ ከሚሰማ ስም መጥሪያው ላይ ማን ሳይጠየቅ እንደተናገረ በሳምንት አንዴ ምልክት ቢያደርግ፣ ለውጡን ከዚያ ያነበዋል።

ለወላጅ ማሳየት ግድ ከሆነ በአሥረኛው ሳምንት ይሁን፣ ከስምንት ደቂቃም አይብለጥ። መድረክ አያስፈልግም፤ ወላጆች ልጆቹን ከበው ይቀመጡ። የዚያን ዕለት ነጠላውን ልጅ ይልበሰው፤ ወላጆቹ የአየር መንገድ ሠራተኞች ይሁኑና ለስምንት ዓመቷ አሮጊት «ይቀመጡ፣ እማማ» ይበሉ፤ እሷም ሻንጣዋ የት እንደገባ ትጠይቃቸው።