ዕቁባችን ዳሎል ወረደ

የባሕር ዳር ሰው በሙቀት ጉዳይ ራሱን ባለሙያ አድርጎ ይቆጥራል። ሚያዝያ ላይ ቴርሞሜትሩ 30 ሲነካ «ዘንድሮስ አለቅን!» እያለ ከዘንባባ ጥላ ወደ ዘንባባ ጥላ ይዘልና ጣና ዳር ይወርዳል። ስብሰባም ያጥራል፤ ይህ እንኳ በጎ ጎኑ ነው። አለቅን የሚለው ሰው በእጁ ቀዝቃዛ ቢራ፣ ከፊቱ ደግሞ ዓሣ ጥብስ አለ።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤታችን ዕቁብ ዳሎልን ለመጎብኘት ሲወስን የፈራ አልነበረም። እኔ ብቻ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተለካው መሠረት የዳሎል የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነው ብዬ ተናገርኩ። «አራት ዲግሪ ምን አላት?» አለ አንዱ። አማካይ ማለት ሌሊቱም ታኅሣሡም ተደምሮ ነው ልል ስል አጀንዳው ወደ ስንቅ አልፏል።

ስንቁ ለብቻው ወግ ይወጣዋል። በሶ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ እንኳ ተይዟል። የአንዷ ባልደረባችን እናት «ልጆቼ፣ መንገድ አይታመንም» ብለው ጋቢ ደራርበው ሰጡን። በረሃ ለሚወርድ ሰው ጋቢ! ተሳሳቅን። ለካስ ወደ በረሃ የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ደብረ ታቦርን አልፈን ጋሸና ስንደርስ ለጋቢው ወረፋ ተያዘ።

ከወልዲያ ወደ ሚሌ ቁልቁለቱ ሲጀምር ደግሞ ልብስ መውለቅ ጀመረ። መጀመሪያ ጃኬት፣ ቀጥሎ ሹራብ፣ ቀጥሎ ካልሲ። ሰመራ ላይ ክቡር ኃላፊያችንን በካናቴራ አየናቸው። ሰው ናቸው፣ ይሞቃቸዋል። ግን ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ላይ ፊርማቸውን ሳይ የሚታየኝ ትከሻቸው ነው።

አሳሌ ሐይቅ ስንደርስ ሾፌሩ መሪውን ወደ ሐይቁ አዞረ። ከኋላ «በስመ አብ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። መኪናው ግን ነጩን ጨው እየረገጠ ቀጠለ። ሐይቅ ማለት ምን እንደሆነ እኛን ማን ያስተምረናል? ሐይቅ ታንኳ የሚቀዘፍበት፣ ቆሮሶ የሚጠመድበት ነው።

«ዓሣ የለውም?» ብለን አስጎብኚውን ጠየቅነው።

«ጨው ነው።»

«እምቦጭስ?»

አፋሩ ወጣት ምን እንደሆነ አላወቀውም። ዓሣ ማጣቱ ግድ አልሰጠንም፤ እምቦጭን የማያውቅ የሐይቅ ሰው ማየት ግን አስቀናን።

ጨው ቆራጮቹ ጥላ በሌለበት ሜዳ ጨውን በእንጨት ይፈነቅላሉ። ከዚያ በመጥረቢያ እየጠረቡ አራት ማዕዘን ያወጡለታል፤ ግመሎች ተደርድረው ይጠብቃሉ። «አራት ዲግሪ ምን አላት?» ያለው ባልደረባችን «እንዴት ቻላችሁት?» ብሎ ጠየቃቸው። መልሱን ግን አልሰማም፤ ኤሲ ያለበት መኪና ውስጥ ገብቷል። ገንዘብ ያዣችን ግን አልተንቀሳቀሰችም። አሞሌ ጨው ድሮ ጎጃም ድረስ መገበያያ እንደነበር ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ብር ነበር በለኛ!» አለች። ያኔ ዕቁብ የደረሰው ሰው ብሩን በግመል ነበር የሚያስጭነው። እሷም ደብተሯን ሳይሆን ግመሎቹን ትቆጥር ነበር።

በመጨረሻ ዳሎል ደረስን። ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፤ ሥሩ የሚፈላ አሲድ። ታዲያ ሁላችንም ጀርባችንን ሰጠነው። ፎቶ እንዲህ ነው የሚነሣው! ዳሎልን በደንብ ያየሁት ከተመለስን በኋላ ፌስቡክ ላይ ነው፤ እሱንም በባልደረቦቼ ጆሮና ትከሻ መካከል በቀረችው ቦታ።

ቤት ገብተን ለከርሞ የት እንሂድ ተባለ። አንዲት ልጅ «ለምን ጀልባ ይዘን ዘጌ አንሻገርም? ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይቼው አላውቅም» አለች። ዝም ተባለ። ለካ ብዙዎቻችን አላየነውም። ኃላፊያችን ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እሱማ ቅርብ ነው፣ የትም አይሄድብንም» አሉ። ኤርታሌ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የስንቅ ኮሚቴው ሰኞ ይሰበሰባል።