እንቅርት በፈገግታ አይድንም

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ሰብስቦ «የአእምሮ ጥንካሬ» ሥልጠና ሰጠ። አሰልጣኙ የተናገረው ከአዳራሹ ወጥቶ ከተማውን አዳርሷል። «ድብርት ምርጫ ነው። ደስታችሁ አራት ሆርሞን ነው፤ ቁልፉም በእጃችሁ ነው» አለ። ጠዋት መስታወት ፊት ፈገግ በሉ፣ ሩጡ፣ ሙዝ ብሉ። አለቀ። መሥሪያ ቤቱም ነገሩ ጥሞት «ስሜቴ የእኔ ኃላፊነት ነው» የሚል ወረቀት በየቢሮው በር ለጥፏል። ከእንግዲህ የደከመው ሠራተኛ ጥፋተኛ ነው ማለት ነው።

ከሙዙ ልጀምር። ከአራቱ «የደስታ ሆርሞኖች» አንዱ የሚባለው ሴሮቶኒን ሙዝ ውስጥ አለ፣ እውነት ነው። ግን የበላነው ሴሮቶኒን ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። አንጎል የሚበቃውን እዚያው ለራሱ ይሠራል። እንዲያውም ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ የሚገኘው አንጀት ውስጥ ነው፤ አንዱ ሥራውም ምግብ ማንቀሳቀስ ነው። ደስታ በሙዝ ቢገኝ ኖሮ አርባ ምንጭ ላይ የሚከፋው ሰው ባልኖረ!

ሌላው ከአራቱ የሚቆጠረው ዶፓሚንም ቢሆን በትዕዛዝ አይመጣም። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚሠሩ ሴሎች ሲሞቱ ፓርኪንሰን የሚባለው ሕመም ይከተላል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እግር ይተሳሰራል፣ ፊት ይደርቃል። ፈገግ ማለት ራሱ ይከብዳል። ክቡር አሰልጣኝ፣ ለዚህ ሰው መስታወት ሊያቀብሉት ነው?

እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ጎጃም ድረስ መጥቶ ስለ ሆርሞንና ስለ ስሜት ሲያወራ አንገታችንን ሳያይ መሄዱ። እንቅርት እኮ እዚህ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን ተሸክመውት ኖረዋል። አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ታይሮክሲን የሚባል ሆርሞን ትሠራለች። ለዚህም አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር የግድ ነው። አዮዲን ስታጣ ታብጣለች። ሆርሞኑ ሲያንስ ደግሞ ሰውየው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ሐሳቡ ይጎተታል፣ ይረሳል፣ ይከፋዋል። ደሙ ካልተመረመረ ሐኪምም ድባቴ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ጎረቤቱ ሰነፍ ይለዋል። አሁን ደግሞ አሰልጣኙ «ምርጫህ ነው» አለው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

አዮዲኑስ የት ሄደ? የጮቄ ተራራን ቁልቁለት በክረምት ያየ ያውቀዋል። ዝናቡ ለዘመናት አፈሩን እያጠበ ዓባይ ውስጥ ከቶታል። መሬቱ የሌለውን ጤፉም ድንቹም አይሰጥም። ስለዚህ አዮዲን የሚገባልን በጨው ነው። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ደንቡ አለ። ጨውስ? ገበያ ላይ ከረጢቱ አፉን ከፍቶ፣ ፀሐይ ሲመታው ውሎ፣ በጣሳ እየተሰፈረ ይሸጣል። አዮዲን ደግሞ ፀሐይና እርጥበት አይችልም፤ ይባክናል። ከዚያ የተረፈው ወጥ ሲጣድ ይገባና ሲንተከተክ ይቆያል። «ጨው ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ፣ ዕቃውን ክደኑ» የሚል አሰልጣኝ ቢመጣ አበሉን ከኪሴ እከፍለው ነበር።

መንቀሳቀስ ስሜትን ያነሳል፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ምክሩ ለማን ነው? እንስራ አዝላ ዳገት የምትወጣዋ ሴት ሩጫ ጎደላት? ደስታ በእግር ብቻ ቢመጣ ኖሮ የጎጃም ገበሬ በሳቅ መሞት ነበረበት።

የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲሶልም አለ። ይህ ሆርሞን ጠዋት ከፍ ይላል፣ ማታ ዝቅ ይላል። ተኩስ ሲያዳምጥ ያደረ፣ መንገድ ተዘግቶ ልጁ የት እንደደረሰ ያላወቀ ሰው ግን ሰውነቱ ሌሊቱን ዘብ እንደቆመ ያነጋል። እሱን «ስሜትህ ኃላፊነትህ ነው» ማለት ድፍረት ነው። ለእኔ እንዲያውም ስድብ ነው።

ወረቀቶቹ ዛሬውኑ ይነሱ። ደከመኝ፣ ከፋኝ ያለ ሠራተኛ ወደ ጤና ተቋም ይላክ፤ ደሙ ይታይ። በተለይ ሴቶች፤ የታይሮይድ ችግር እነሱን አብዝቶ ያጠቃል። ድባቴ ሆኖ ከተገኘም ድባቴ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። የገበያችንን ጨው መፈተሽም ከባድ አይደለም። መሞከሪያው ፈሳሽ ጠብ ሲደረግበት አዮዲን ያለው ጨው ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። ደቂቃ አይፈጅም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከየከረጢቱ ትንሽ ትንሽ ይወሰድና ይሞከር። ለዚህ አዳራሽ መከራየት አያስፈልግም።